ያለ ሰይፍ እምቢ ያለ ሰው፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ የሕይወቱ ታሪክ

ይህችን ትንሽ ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ በጾሬ ያገኘሁት አንድ ጎልማሳ ነው። ጾሬ በአሶሳ አውራጃ ያለች ስፍራ ናት፤ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ብዙ ሰዎች በዚያ ባለው መጠለያ ይኖራሉ። ይህ ጎልማሳ ግን ከሱዳን የመጣ አይደለም። ከ2018 ጀምሮ በካማሺና በመተከል ሰው በሰው ላይ በተነሣበት ዘመን ቤቱ የተቃጠለበት፥ ወንድሙም የተገደለበት፥ ከዚያም ወጥቶ በዘመዶቹ ዘንድ የተጠጋ ነው። አንድ ቀን ማታ በማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለን አንድ ነገር ጠየቀኝ። በደል የደረሰበት ሰው ወይ ጦር አንሥቶ ደሙን እንዲመልስ፥ ወይም አንገቱን ደፍቶ ዝም እንዲል፥ ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ሌላ መንገድ እንደማይታየው ነገረኝ። ሦስተኛ መንገድ ቢኖር ግን በቃል ሳይሆን በሄደበት ሰው እንዳሳየው ለመነኝ።

እኔም በዚያ ማታ የመለስሁለት መልስ ደካማ ነበረ። ጥቅስ ጠቀስሁለት፤ እርሱ ግን ጥቅሱን ከእኔ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ግን በዚያው በአሶሳ ምድር ያለፈ፥ የታመመና የተመለሰ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። እርሱም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮሞ ቋንቋ የተረጐመ ሰው እንደ ሆነም ይነገራል። እኔ ግን ዛሬ የምነግርህ ስለ መጽሐፉ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው የበደሉትን ሳይመታ፥ ለበደሉም ሳይገዛ እንዴት እንደ ኖረ እነግርሃለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመህ እወቅ።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ምድር በሁሩሙ አጠገብ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ስሙንም ሂካ አሉት። በኦሮሞ ቋንቋ ሂካ ማለት ፈቺ፥ ተርጓሚ ማለት ነው። በአማርኛችን እስረኛ ይፈታል፥ ሕልምም ይፈታል፥ የቃልም ፍቺ ይነገራል፤ በኦሮሞ ቋንቋም እንዲሁ አንዱ ቃል ለሁለቱ ይሆናል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች በልጁ ላይ ምን እንደሚመጣ አላወቁም ነበር። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። በ1869 ደግሞ፥ ዕድሜው አሥራ ሦስት ያህል ሳለ፥ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት።

አንባቢ ሆይ፤ ባሪያ ፈንጋይ የሚለውን ቃል ምናልባት ከሽማግሌዎች ብቻ ሰምተኸው ይሆናል። በእኛ በቤኒ ሻንጉል አገር ግን የሩቅ ነገር አይደለም። ከዚህ ምድር ወርቅና ሰው አብረው በአንድ መንገድ ይወጡ ነበር፤ የሚወጡትም ወደ ሱዳንና ወደ ባሕር ማዶ ነበር። አያቶቻችን ልጆቻቸውን ውኃ እንዲቀዱ ብቻቸውን ለመላክ ይፈሩ ነበር። የሂካም ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ለስምንት ጌቶች ተገዛ። ፈንጋዮቹም ስሙን ለውጠው ነሲብ አሉት። ነሲብ በዓረብኛ ዕጣ፥ ዕድል ማለት ነው፤ እኛም ሳናስብ የምናደርገውን ነገር በነሲብ አደረግሁት እንላለን። ፈቺ ተብሎ የተሰየመ ልጅ በዕጣ እንደ ወደቀ ዕቃ ተጠራ።

ከብዙ ድካም በኋላ በቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ምጽዋ ከተማ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕሩ ነው፤ ባሕሩን የተሻገረ ባሪያም የእናቱን አገር ዳግመኛ አያይም ነበር። ነገር ግን በዚያች ከተማ ወርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ አገር ተወላጅ ነጻ አወጣው፤ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም እንዲማር አደረገው። ልጁ ትምህርት ፈጥኖ የሚገባው ሆኖ ተገኘ። በ1872 በመጋቢት ወር በ31 ቀን፥ በትንሣኤ በዓል፥ ተጠመቀ፤ በጥምቀቱም ኦኔሲሞስ ተባለ።

ይህን ስም ማን እንደ መረጠለት አልመረምርም፤ የስሙ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈውን አጭር መልእክት ያነበብህ እንደ ሆነ፥ ኦኔሲሞስ ከጌታው የኮበለለ ባሪያ እንደ ነበረ ታውቃለህ። በግሪክ ቋንቋ ትርጓሜው የሚጠቅም ማለት ነው። ጳውሎስም ወደ ጌታው ሲመልሰው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ለመነ። ባሪያ መግዛትን የወደዱ ሰዎች ይህን መልእክት ለራሳቸው ምስክር ሊያደርጉት በየዘመኑ ሞክረዋል፤ እኔ ግን እንዲህ ብሎ ለማንበብ እጅግ የደነደነ ልብ ያስፈልጋል እላለሁ። ወንድምህን እንዴት ትሸጠዋለህ? ጳውሎስ ሰይፍ አላነሣም፤ ነገር ግን ጌታና ባሪያ የሚለውን ነገር ከሥሩ የሚበላ ቃል ጻፈ። የእኛም ኦኔሲሞስ የስሙን ጠባይ ተከተለ። ነሲብ የሚለውንም የባርነት ስም አልጣለውም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ከአዲሱ ስም ጋር ተሸከመው።

ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር ተማረ። አምስት ዓመት ሙሉ በብርድ አገር፥ በባዕድ ቋንቋ መማር ቀላል እንዳይመስልህ። ተምሮም በዚያ ሊቀር ይችል ነበር፤ ነገር ግን አሳቡ ሁሉ ወደ ተነጠቀበት አገር ነበረ። ልብ በል፤ የሸጡትን ሰዎች ለመፈለግ አይደለም። እንደ እርሱ ያሉት ልጆች በቋንቋቸው ፊደል እንዲያነቡና ቃሉን እንዲሰሙ ብሎ ነው።

ወደ ምጽዋ እንደ ተመለሰም ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ፤ ወዲያውም መንገድ ጀመረ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ደጋ በኩል ለሚሲዮናውያን መንገዱ ዝግ ስለ ነበረ፥ በሱዳን ዞረው በምዕራብ በኩል ወደ ወለጋ ሊገቡ አሰቡ። ካርታውን ያየህ እንደ ሆነ ይህ ዙሪያ ምን ያህል እንደ ሆነ ትረዳለህ። ከቀይ ባሕር ወደ ካርቱም፥ ከካርቱም ወደ ዓባይ ላይኛው አገር፥ ከዚያም ወደ አሶሳ ነበረ። አሶሳ ደረሱ። ከአሶሳ እስከ ወለጋ ምን ያህል እንደሚቀር በዚህ አገር የምትኖር አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ሰው ከተራራ ላይ ሆኖ የአገሩን ደመና የሚያይበት ርቀት ነው። በዚያ ግን መንገዱ ተከለከለባቸው፤ ተመለሱም። ኦኔሲሞስ በመመለሻው መንገድ በንዳድ ታመመ፤ ካርቱምም የገባው በ1882 በሚያዝያ በ10 ቀን ነው።

በዚያን ጊዜ በሱዳን መሐዲ ተነሥቶ ነበር፤ በ1885ም ካርቱም በእጁ ወደቀች። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ያለው መንገድ ፈጽሞ ተዘጋ። እኔ በአሶሳ በኩል ሳልፍ ሁልጊዜ ይህን አስባለሁ፤ በዚህ ምድር ስለ እርሱ የተተከለ ድንጋይ አላየሁም። የተሸነፈ ሰው ለሐውልት አይታሰብምና። እኔ ግን የዚህን ሰው ጽናት ከነቀምቴ ይልቅ በአሶሳ አየዋለሁ። ታሞ፥ በቃሬዛ ይሁን በእንስሳ ጀርባ፥ ወደ ኋላ በተመለሰበት መንገድ ላይ አየዋለሁ።

በ1886 ደግሞ በሌላ በኩል ሞከረ፤ የሸዋ ንጉሥ ወደ ነበረው ወደ ምኒልክ፥ ወደ እንጦጦ ወጣ። ንጉሡም እንዲመለሱ አዘዘ። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በልጅነትህ ተነጥቀህ፥ ስምንት ጊዜ በእጅ ተይዘህ፥ ነጻ ወጥተህ ወደ አገርህ ስትመለስ ሁለት ጊዜ ከደጅ ብትባረር ምን ታደርግ ነበር? እኔ እንደ ተናደድሁ ራሴን አውቃለሁ። ምናልባትም ነገሩን ትቼ በስዊድን ወይም በምጽዋ ደህና ኑሮ እኖር ነበር፤ ወይም ደግሞ ልቤ መርሮ ሰውን ሁሉ እጠላ ነበር። ኦኔሲሞስ ግን ወደ እምኩሉ ተመልሶ ብዕሩን አነሣ። እግሩ እንዳይገባ የተከለከለበት አገር ቃሉ ይገባ ዘንድ መተርጐም ጀመረ።

በዚህም ሥራ ራሱን የሚያዋርድ ነገር አገኘ። በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ወጣ የእናቱን ቋንቋ በሙሉ አያውቀውም ነበር። ባርነት ከሰው ላይ የሚነጥቀው ጉልበትን ብቻ አይደለም፤ ቃልንም ይነጥቃል። የተማረ ሰው ይህን ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል፤ እርሱ ግን ሊማር ተቀመጠ። ያስተማረችውም አስቴር ጋኖ የምትባል ቆንጆ፥ ገና በወጣትነት ያለች ልጅ ናት። እርስዋም በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ በጀልባ ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ መርከብ ጀልባውን ይዞ አስጣላት፤ ከዚያም ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት መጣች። አስቴር የሕዝብዋን ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን በልብዋ ይዛ ነበር። ሸጡአት፥ አሰሩአት፥ በባሕር ላይ ጫኑአት፤ ያን ግን ሊወስዱባት አልቻሉም። አምስት መቶ ያህል ሰበሰበች፤ ይህም በ1894 ለፊደል ጀማሪዎች በተዘጋጀ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። የመዝገበ ቃላቱም ብዙ ክፍል የእርስዋ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም በሚተረጐምበት ጊዜ ቃል የምትሰጥ እርስዋ ነበረች።

ስለ ኦኔሲሞስ የሚጽፉ ሰዎች አስቴርን በአንድ መስመር ብቻ ሲያልፉአት አይቻለሁ፤ ይህ ግን ልክ አይደለም። ሁለት ከባርነት የወጡ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፥ የሸጣቸው ዓለም እንደ ከንቱ የቈጠረውን ቋንቋ ወደ መጽሐፍ አገቡት። ከዚህ የበለጠ እምቢታ የት አለ? ባሪያ ፈንጋይ ሰውን ዕቃ ነው ይላል፤ ዕቃ ግን መዝገበ ቃላት አይጽፍም።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። የመጽሐፍ ቅዱሱም ሙሉ ትርጉም በ1897 ተፈጽሞ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ የተጻፈውም እኛ በምንጽፍበት በግዕዝ ፊደል ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ተፈጽሞ ሰውዬው ግን ገና ከደጅ ነበረ።

የገባው በ1904 ነው። ከተነጠቀ ሠላሳ አምስት ዓመት፥ ከአሶሳ ከተመለሰ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከእርሱ አስቀድሞ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል በወለጋ በቦጂ ገብቶ ያስተምር ነበር፤ ስለዚህ ኦኔሲሞስ ፊተኛው አልነበረም። የነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ በፊተኛ ስሙ ኩምሳ ሞረዳ፥ ኦኔሲሞስን በታላቅ ክብር ተቀበለው። አስቴርም አብራው መጥታ ነበር። ትምህርት ቤት አቆሙ፤ ሕዝቡም በገዛ ቋንቋው ሲሰማ ደስ አለው፥ ወደ እነርሱም ይመጣ ጀመር።

በዚህም ምክንያት ክስ መጣ። በአገሩ የነበሩ ካህናት የሕዝቡን ቋንቋ አያውቁም ነበርና፥ ሕዝቡ ወደዚህ አዲስ መምህር መሄዱ አስቈጣቸው። እመቤታችን ማርያምን ሰድቦአል ብለው ከሰሱት። በ1906 በግንቦት ወር በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ አቡኑም ተሰድዶ እንዲወጣ ፈረዱበት።

በዚህ ስፍራ አንባቢዬን አንድ ነገር እለምናለሁ። ይህን በምታነብበት ጊዜ በካህናቱ ላይ ልብህን አታስቈጣ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ለእምነታቸው የቀኑ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም ከልጆቻቸው ጋር በአንድ መንደር፥ በአንድ ገበያ እንኖራለን። ታሪኩን እንደ ጦር አንሥቶ በጎረቤቱ ላይ የሚወረውር ሰው፥ የኦኔሲሞስን ስም ቢጠራም መንገዱን አላገኘም።

ነገሩ ወደ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የአቡኑን ፍርድ ለወጡ። ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ ተመልሶ እንዲኖር ተፈቀደለት፤ እንዳይሰብክ ግን ታዘዘ።

እንግዲህ እዚህ ቆም ብለን እንመልከት፤ የጾሬው ጎልማሳ የጠየቀኝ ነገር በዚህ ስፍራ ነውና። ከፊቱ ብዙ መንገድ ነበረ። ደጃዝማቹ ወዳጁ ነበረ፤ የራሱም ወገን ብዙ ነበረ፤ ሕዝቡን በካህናቱ ላይ ሊያነሣሣ ይችል ነበር። የወለጋ ሰው በዚያን ጊዜ ስለ ግብርና ስለ ነፍጠኛ ብዙ ቂም ይዞ ነበርና፥ ጭድ በደረቀበት ስፍራ እሳት መጣል አይከብድም። ወይም ደግሞ ወደ ምጽዋ ተመልሶ በኢጣልያ ግዛት በሰላም ሊኖር ይችል ነበር። ወይም ተስፋ ቈርጦ ነገሩን ሁሉ ትቶ ማረስና መነገድ ይችል ነበር። ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። በነቀምቴ ተቀመጠ፤ ልጆችንም ፊደል አስተማረ። በአደባባይ መስበክን ተወ፤ ትምህርት ቤቱን ግን አልተወም።

ይህን እጅግ ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል። ምን እንደ ሠራ ግን መርምር። ትእዛዙ የሰባኪውን አፍ ዘጋ፤ ፊደልን ግን አልዘጋም። ፊደል የቈጠረ ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ለእናቱና ለአባቱ ያነብባል። አንድ ሰባኪ በተከለከለበት ስፍራ በየቤቱ አንባቢ ተነሣ። ያነበበ ሰው ደግሞ ዳኛ የሚለውን፥ ውል ላይ የተጻፈውን፥ ዕዳው ስንት እንደ ሆነ ራሱ ያያል፤ በሌላ ሰው ምላስ አይታለልም። የኅብረተሰብ ኑሮ የሚለወጠው እንዲህ ነው፤ ሲለወጥ አይታይም፥ ከተለወጠ በኋላ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ትእዛዙንም በስውር እያፈረሰ በአደባባይ የሚያከብር መስሎ አልኖረም። ይህም በእኔ ዓይን ከሁሉ የሚከብድ ነው። ተንኰለኛ ሰው ሕግን ያመልጣል፤ ደፋር ሰው ሕግን ይሰብራል፤ የታገሠ ሰው ግን ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ በሕጉ ፊት ቆሞ የተፈቀደለትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይሠራል። የስደት ፍርድ በራሱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ድንጋይ ነበረ፤ አንድ ሰው ደግሞ ቢከስሰው ሊወድቅበት ይችል ነበር። ከዚያ ድንጋይ በታች አሥር ዓመት አስተማረ።

በዚያው በ1906 ዓመት፥ በሴፕቴምበር በ11 ቀን፥ በደቡብ አፍሪቃ በጆሃንስበርግ ከተማ ሞሃንዳስ ጋንዲ የሚባል የህንድ ጠበቃ ከብዙ ወገኖቹ ጋር ተሰበሰበ። የትራንስቫል መንግሥት ህንዶች ሁሉ እንደ ወንጀለኛ የጣታቸውን አሻራ ሰጥተው እንዲመዘገቡ ሕግ ሊያወጣ ነበር። እነርሱም ለዚያ ሕግ እንደማይገዙ፥ ስለ እምቢታቸውም የሚመጣባቸውን እስራት ሁሉ እንደሚሸከሙ፥ እጃቸውን ግን በማንም ላይ እንደማያነሡ ማሉ። ጋንዲ ይህን መንገድ በኋላ ሳትያግራሃ አለው፤ እውነትን አጥብቆ መያዝ ማለት ነው። ትግሉ እስከ 1914 ቆየ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ታሰሩ። በ1930ም በህንድ አገር ሰባ ስምንት ሰዎች ይዞ ሃያ አራት ቀን በእግሩ ተጕዞ ወደ ባሕር ወረደ፤ መንግሥት የከለከለውን ጨው በእጁ አነሣ።

የኦኔሲሞስን ነገር ከዚህ ጋር አንድ ነው አልልም። ጋንዲ ሕጉን በግልጥ ሰብሮ ወደ ወኅኒ ገባ፤ ሕዝብንም በሺህ አሰለፈ። ኦኔሲሞስ ሰልፍ አልመራም፥ ትእዛዙንም አልሰበረም። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ፥ አንዱ ከአንዱ ሳይሰማ፥ ሁለት ሰዎች በአንድ አህጉር በሁለት ዳር ሆነው በቀልንም ዝምታንም እምቢ አሉ። ጎልማሳው የጠየቀኝ ሦስተኛ መንገድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ተማርሁ፤ እያንዳንዱ በቆመበት ስፍራ የሚከፈትለት በር ይለያል።

ስለዚህ ነገር ስጽፍ ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳልታይህ አንድ ነገር ልናዘዝ። ገና ወጣት ሳለሁ፥ ካመንሁም በኋላ፥ አንድ ጎረቤት በእርሻችን ድንበር ገብቶ አረሰ። አባቴ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ፈለገ፤ እኔ ግን በትር ይዤ ወጣሁ፥ የሰውዬውንም ክንድ ሰበርሁ። በዚያ ቀን የመንደሩ ጎበዞች አመሰገኑኝ። የድንበሩ ነገር ግን በዚያ ቀን ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ስለ እርሻው የሚሰማን አልተገኘም፤ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት ሁሉ ስለ ክንዱ ሆነ። ካሣ ከፈልን፤ መሬቱም በእርሱ እጅ ቀረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ያ ዝምታው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። የተበደለ ሰው ያለው ሀብት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መበደሉ ነው። እኔ በአንድ በትር አጠፋሁት። ኦኔሲሞስ ግን ያን ሀብት ሳያባክን አሥር ዓመት ጠበቀው።

ስለ ባርነትስ ምን አደረገ የምትል ትሆናለህ። እውነት ነው፤ እርሱ ባርነትን በሕግ አላስቀረም። ነቀምቴ በገባበት ጊዜ በአገሩ ሁሉ ባሪያ ነበረ፤ በእኛም ምድር ንግዱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆየ። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ከገባች በኋላ በ1924 ባሪያዎች ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረውም በ1942 በወጣው አዋጅ ነው። አዋጅ ግን ወረቀት ነው፤ ሰው ሰውን እንደ ሰው የሚያይበት ዓይን ከሌላ ስፍራ ይመጣል። በነቀምቴ የተቀመጡት ልጆች መምህራቸውን ባዩ ጊዜ ስምንት ጌቶች የገዙትን ሰው ያዩ ነበር። የተገዛው ሰው ሊቅ ሆኖ፥ የገዢ ልጅ በእግሩ ሥር ተቀምጦ ሀ ሁ ይል ነበር። እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ባሪያ ልግዛ ቢል እንዴት ከመምህሩ ፊት ይቆማል?

በ1916 ልጅ ኢያሱ ኦኔሲሞስ እምነቱን እንዲሰብክ ፈቀዱለት። በዚያው ዓመት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ፈቃዱ ግን አልተሻረም። ኦኔሲሞስ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳ ያህል ነበረ። አሥር ዓመት የተዘጋው አፉ በተከፈተ ጊዜ ከሳሾቹን ሲወቅስ አልኖረም፤ መጽሐፎቹን ማደልና ማስተማር ቀጠለ። ያስተማራቸውም ልጆች አድገው ራሳቸው አስተማሪዎች ሆነው ነበር። ሕዝቡ አባ ገመቺስ ይለው ነበር። ሂካ፥ ነሲብ፥ ኦኔሲሞስ ከተባለ በኋላ ይህ አራተኛ ስሙ ነው፤ በፍቅር የወጣለትም ይህ ነው።

አስቴር ጋኖም በነቀምቴ ማስተማርዋን ቀጠለች፤ ከእርሱም በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ በ1964 አረፈች።

ይህን ሁሉ ለጎልማሳው በጾሬ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያም ስለ አሶሳው መንገድ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ታሞ በተመለሰ ጊዜ ይመለስ ዘንድ ያዘዘውን ሰው ይቅር ብሎት እንደ ሆነ ሊያውቅ ፈለገ። እኔም ከዚያ በኋላ የሠራውን ሥራ ብቻ አሳየሁት። የወንድሙን ነገር አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም። በማግስቱ ከመጠለያው የመጡ ልጆች ፊደል በሚማሩበት ዳስ በር ላይ ቆሞ አየሁት።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1931 በሰኔ ወር በ21 ቀን ሞተ፤ ዕለቱም እሑድ ነበረ። በ1899 የታተመው መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥር ዓመታት በወለጋ ቤቶች ሲነበብ ኖረ።